ከመንጋው መካከል እንግዳይቱን ወፍ መለየትና መቍጠር

በ1251 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በሴንት ኦልባንስ ገዳም ይኖር የነበረው ታሪክ ጸሐፊ መነኵሴ ማቲው ፓሪስ፣ ከነገሥታቱና ከመኳንንቱ ወሬ ጋር አንድ እንግዳ ነገር መዝግቦ ነበር። በዚያ ዓመት ፍሬ በሚበስልበት ወራት፣ ከዚያ በፊት በእንግሊዝ ያልታዩ ወፎች በመንጋ መጥተው በየአትክልቱ ቦታ ሰፈሩ። የፖሙን ሥጋ ትተው በውስጡ ያለውን ዘር ብቻ ይበሉ ነበር። ምንቃራቸውም የላይኛውና የታችኛው ጫፍ የተሻገረ ስለ ሆነ ፖሙን እንደ ጉጠት ይከፍሉበት ነበር። መነኵሴው ወፎቹን የገለጸው እንዲህ አጥርቶ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ያሉት የአእዋፍ ሊቃውንት ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ርቀው ሳለ የየትኛው ወገን እንደ ነበሩ ሳይጠራጠሩ ይናገራሉ።

ይህችን ወፍ እንግሊዞች «ክሮስቢል» ይሏታል። በአገራችን የማትገኝ ስለ ሆነች በአማርኛ የተለመደ ስም የላትም። እዚህ ግን «ምንቃረ መስቀል» ብላት አንባቢ ይፈቅድልኛል ብዬ አስባለሁ። መኖሪያዋ በተለይ የአውሮፓ፣ የእስያና የሰሜን አሜሪካ ደን ነው። በአፍሪካ ምድር የምትገኘው በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ተራሮች ነው። ቁመቷ ከአሥራ ስድስት ሳንቲሜትር እምብዛም አይበልጥም፣ ክብደቷም 40 ግራም ገደማ ነው። አውራው እንደ ጡብ ቀይ ነው፤ ሴቷ ወደ አረንጓዴ ትወስዳለች፤ ጫጩቶቹ ዥንጉርጉር ናቸው። በጀርመን አገር በቆየ አፈ ታሪክ፣ ጌታ በተሰቀለ ጊዜ ይህች ወፍ ችንካሩን ከእጁ ልትነቅል ስትታገል ምንቃሯ ተጣመመ፣ ደረቷም በደሙ ቀላ ይባላል። ታሪኩ ያማረ ነው፤ የሴቷን አረንጓዴ መሆን ግን አይነግረንም።

ሊቃውንቱ ለምንቃሩ መጣመም የሚሰጡት ምክንያት ሌላ ነው። የእኛ አገር ጥድ ፍሬው ትንንሽና ክብ ነው። በሰሜን አገሮች ያሉት የጥድ ዘመዶች ግን ፍሬያቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ እንጨት መሰል ቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ ዘሩም በየቅርፊቱ ሥር ተደብቆ ይቀመጣል። ምንቃረ መስቀል የተሻገረውን ጫፍ በሁለት ቅርፊቶች መካከል አስገብታ መንጋጋዋን ወደ ጎን ስትገፋ ቅርፊቱ ይላቀቃል፤ ዘሩንም በምላሷ ታወጣዋለች። ጫጩት ስትፈለፈል ምንቃሯ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚሻገረው ካደገች በኋላ ነው። የታችኛው ጫፍ በአንዳንዷ ወደ ግራ፣ በሌላዪቱ ወደ ቀኝ ይወጣል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል፣ ክሬግ ቤንክማን የሚባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከአንድ ባልደረባው ጋር ያደረገውንና በ1991 የታተመውን ሙከራ መጥቀስ ይገባል። ጥቂት ወፎች ይዘው የተሻገረውን የምንቃራቸውን ጫፍ በጥፍር መቍረጫ ቈረጡት። ይህ ጥፍር እንደ መቍረጥ ስለ ሆነ ወፏን አያሳምምም፤ ተመልሶም ያድጋል። ምንቃራቸው የተቈረጠባቸው ወፎች ደርቆ ከተከፈተ ፍሬ ዘር ማውጣት አላቃታቸውም። ገና ያልተከፈተው ግን ፈጽሞ አልበገር አላቸው። ጫፉ ቀስ በቀስ ሲያድግ ችሎታቸውም ቀስ በቀስ ተመለሰ። የጥፍር መቍረጫ ብቻ ይዞ እንዲህ ያለ ነገር ማረጋገጥ ለተማሪ የሚያስቀና ሥራ ነው።

እንግዲህ ኑሮዋ በዚህ ፍሬ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ፍሬው ወዳለበት ትሄዳለች። ዛፎቹ በየዓመቱ እኩል አያፈሩም፤ በአንዱ አውራጃ ሲጠፋ በሌላው ይትረፈረፋል። ስለዚህ ምንቃረ መስቀል እንደ ዋኖስ ወይም እንደ እርግብ የታወቀ ሰፈር የላትም። አንድ ዓመት በመቶ ትታያለች፣ በሚቀጥለው ዓመት አንዲት እንኳ አትገኝም። ምግብ ከተገኘ ደግሞ በረዶ በሸፈነው ክረምት እንቍላል ትጥላለች። በ1251 ዓ.ም. ወደ ፖሙ ቦታ የመጡትም በሰሜን አገራቸው ፍሬ ያጡ ስደተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም።

የመለየቱ ችግር የሚነሣው ከዚህ ስደት ነው። ከተለመዱት ወፎች መንጋ ጋር አልፎ አልፎ ከሩቅ የመጡ ዘመዶቻቸው ይቀላቀላሉ። አንደኛዋ ክንፏ ላይ ሁለት ሰፋፊ ነጭ መስመሮች ያሏት፣ በሳይቤሪያና በሰሜን ሩሲያ ላርች በሚባለው ዛፍ ፍሬ የምትኖር ናት። ሁለተኛዋ ምንቃሯ እንደ በቀቀን የወፈረ፣ ከስካንዲናቪያና ከሩሲያ ጥድ ደን የምትመጣ ናት። በ2013 በጋ ባለ ነጭ መስመሯ ወፍ ከወትሮው በበዛ ቍጥር ወደ ብሪታንያ ገባች። በዚያው ዓመት መጸውና ክረምት ባለ ወፍራም ምንቃሯ ተከተለቻት። በዚያን ጊዜ በየደኑ ዳር መነጽርና የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው የቆሙት ሰዎች የገጠማቸው ጥያቄ ሁለት ነበር፤ ይህች ወፍ በእውነት እንግዳይቱ ናት ወይ? ናትስ ከተባለ ስንት ናቸው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ነጭ መስመር ካላት እንግዳይቱ ናት ብሎ መደምደም ይቻል ነበር። ነገር ግን ከተለመዱትም ወፎች መካከል አልፎ አልፎ ክንፋቸው ላይ ነጭ መስመር የሚያወጡ አሉ። የእነዚህ መስመር ብዙውን ጊዜ ቀጭንና ያልተስተካከለ ነው። በእውነተኛዪቱ ላይ ግን መስመሩ ሰፊ ነው፤ ከዚህም ሌላ ከክንፉ ሥር ወደ ጀርባ በተጠጉት ላባዎች ጫፍ ላይ ነጭ ምልክት አለ። ምንቃሯ ቀጠን ያለ ነው፣ የአውራዋም ቅላት ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው። ሆኖም ላባ እንደ ልብስ ያልቃል፤ ነጩ ጫፍ ከሁሉ አስቀድሞ ተፍቆ ይጠፋል። ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ የሚፈርድ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ልምድ ያላቸው ተመልካቾች ላባውን፣ ምንቃሩንና ድምፁን አንድ ላይ ካላገኙ «አይታወቅም» ብለው ይጽፋሉ። ባለ ነጭ መስመሯ ወፍ አንዳንድ ጊዜ እንደ ልጆች መጫወቻ ጥሩምባ ያለ ድምፅ ታሰማለች፤ ይህን የሰማ ሰው ከእንግዲህ ወዲህ ክንፏን መመርመር አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ የሒሳብ ተማሪዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። በአንድ ደን ውስጥ 1,000 የተለመዱና 5 እንግዳ ወፎች አሉ እንበል። ተመልካቹ ጐበዝ ነው፤ ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይሳሳታል እንበል። አምስቱን እንግዶች አንድም ሳያመልጡት ቢያገኛቸው እንኳ፣ ከአንድ ሺው መካከል አሥሩን በስሕተት እንግዳ ብሎ ይመዘግባል። እንግዲህ በመዝገቡ ላይ 15 እንግዳ ወፍ ተጽፎ ይገኛል፤ ከነዚህም ሁለት ሦስተኛው ሐሰት ነው። ተመልካቹ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጅ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ መዝገቡ ግን ከግማሽ በላይ ስሕተት ሆነ። የሚፈለገው ነገር ብርቅ በሆነ መጠን ትንሽ ስሕተት ትልቅ ጥፋት ታመጣለች። ብርቅ የሆነን በሽታ የሚመረምር ሐኪምና የተጭበረበረ ሰነድ የሚፈልግ ሒሳብ መርማሪም ይህንኑ ያውቃሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ምንቃረ መስቀል ከዛፍ ጫፍ ላይ ስለምትመገብ ከሥር ሆኖ መቍጠር አድካሚ ነው። ነገር ግን የምትበላው ዘር ደረቅና ቅባት የበዛበት ስለ ሆነ በቀን ብዙ ጊዜ ውኃ ያስጠማታል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች በደን ውስጥ እየተንከራተቱ ጊዜያቸውን አያጠፉም፤ ከአንዲት ኩሬ አጠገብ ተሸሽገው ይጠብቃሉ። ወፎቹ ተራ በተራ ወርደው ሲጠጡ ክንፋቸውም ምንቃራቸውም በግልጽ ይታያል።

ሰኞ ዕለት ሦስት እንግዳ ወፎች፣ ማክሰኞ ዕለት አራት ቢወርዱ ድምሩ ሰባት ነው ማለት አይቻልም፤ የሰኞዎቹ ማክሰኞም ተመልሰው ሊሆን ይችላል። የተለመደው ጥንቁቅ አሠራር በአንድ ጊዜ አብረው የታዩትን ትልቁን ቍጥር መውሰድ ነው፤ ይኸውም ቢያንስ አራት። ነገር ግን አስተዋይ ቈጣሪ ከዚህ አልፎ መሄድ ይችላል። የሰኞዎቹ ሁለት ቀያይ አውራዎችና አንዲት ሴት፣ የማክሰኞዎቹ አንድ አውራና ሦስት ሴቶች ከነበሩ፣ ሁለት አውራዎችና ሦስት ሴቶች መኖራቸው የታወቀ ነው፤ እንግዲህ ቢያንስ አምስት ናቸው። ጥሩ ፎቶግራፍ ካለ ደግሞ የአንዷ ምንቃር ወደ ግራ፣ የሌላዪቱ ወደ ቀኝ መሻገሩ፣ የአንዷ ነጭ መስመር አንድ ላባ የጐደለው መሆኑ እንደ መታወቂያ ወረቀት ያገለግላል። በዚህ ዓይነት ቍጥሩ ስድስት ሊደርስ ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን «ቢያንስ» የምትለው ቃል ከቍጥሩ ፊት አትነሣም።

በወፎች እግር ላይ ቀለበት አድርጎ መልቀቅና በኋላ እንደ ገና መያዝ የሚባል ሌላ ዘዴም አለ። 40 ወፎች ቀለበት ተደርጎላቸው ተለቀው፣ በኋላ ከተያዙት 50 ወፎች መካከል 10ሩ ባለ ቀለበት ሆነው ቢገኙ፣ ቀለበት ያላቸው ከአምስት አንድ እጅ ናቸውና ጠቅላላው 200 ይሆናል። ይህ ሒሳብ በአንድ ኩሬ ውስጥ ለተዘጉ ዓሦች በሚገባ ይሠራል። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሁለት መቶ ኪሎሜትር ርቃ ለምትገኝ ወፍ ግን ያሳስታል፤ ባለ ቀለበቶቹ ሄደው ሌሎች በቦታቸው ሲተኩ ሒሳቡ ያልነበረ ብዛት ይፈጥራል።

ከሁሉ ይልቅ የከበደው ጉዳይ ግን በስኮትላንድ የተነሣው ነው። በዚያ አገር በጥንት የጥድ ደኖች ውስጥ የምትኖር ምንቃረ መስቀል አለች። ጀርመናዊው የአእዋፍ ሊቅ ኤርንስት ሃርተርት በ1904 ስም ሰጣት። የምንቃሯ ውፍረት ከተለመደችው ይበልጣል፤ ከባለ ወፍራም ምንቃሯ ያንሳል። ልዩነቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊሜትር አያልፍም። ራሷን የቻለች ዝርያ ናት ከተባለ በብሪታንያ ብቻ የምትገኝ፣ በዓለም ሌላ ቦታ የሌለች ብቸኛዋ የወፍ ዝርያ ትሆናለች። አይደለችም ከተባለ ደግሞ ያ አገር የራሱ ብቻ የሆነ ወፍ አንድም የለውም ማለት ነው። የብሪታንያ የአእዋፍ ሊቃውንት ማኅበር በ1980 ዝርያ ናት ብሎ ተቀበላት፤ ሙግቱ ግን በዚህ አላበቃም። ስኮትላንድ ውስጥ ሦስቱም ወገኖች በአንድ ደን ውስጥ ጐን ለጐን እንቍላል ሲጥሉ ተገኙ። በ2001 የታተመ የደም ዘር ምርመራም በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ታዲያ በዓይን የማትለይን፣ በደም ምርመራም ያልተለየችን ወፍ ማን ይቈጥራታል?

መልሱ የተገኘው በጆሮ ነው፤ እርሱም ባዶ ጆሮ አይደለም። ወፎቹ ሲበሩ የሚጠራሩበት አጭር ድምፅ በየወገኑ ይለያያል። የተለመደችው ቀጭን፣ ባለ ወፍራም ምንቃሯ ጐርናና፣ የስኮትላንዷ በመካከል ነው። ልዩነቱ ከሰከንድ ጥቂት መቶኛ ውስጥ የሚያልቅ ስለ ሆነ ድምፁ በመሣሪያ ተቀርጾ በወረቀት ላይ እንደ ሥዕል ይወጣል። በሥዕሉ ላይ ወደ ላይ የሚወጣው መስመር የድምፁን ቅጥነት፣ ወደ ጐን የሚሄደው ጊዜውን ያሳያል። የእያንዳንዱ ወገን ጥሪ እንደ ፊርማ የራሱ ቅርጽ አለው።

ሮን ሳመርስና ባልደረቦቹ ይህን ይዘው በስኮትላንድ ደን ተጋቢዎቹን መረመሩ። በ2007 ባሳተሙት ሥራ ከጥቂቶች በስተቀር ወፎቹ ምንቃሩና ድምፁ የሚመስላቸውን ብቻ እንደሚያገቡ፣ ልጆቹም የወላጆቻቸውን ምንቃር እንደሚወርሱ አሳዩ። በአንድ ደን ውስጥ እየኖሩ የማይጋቡ ከሆነ ሦስቱ ሦስት ናቸው የሚል ነበር ፍርዳቸው። በእኔ አስተያየት ይህ ክርክር ከደም ምርመራው ይልቅ ይመዝናል፤ ወፏ ማንን እንደምታገባ ከእርስዋ በላይ የሚያውቅ የለምና። የተቃወሙም አልጠፉም፤ ድምፅ የሚለመድ ነገር ነውና ጥንዶች አንዱ የሌላውን ድምፅ እየመሰለ ሊሄድ ይችላል ይላሉ። በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ይህ መኖሩን ያረጋገጠ ስለ ሆነ ተቃውሞው በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ከዚህ በኋላ መቍጠር ተቻለ። በ2008 ከጃንዩዌሪ እስከ ኤፕሪል የብሪታንያ ንጉሣዊ የወፎች ጥበቃ ማኅበር ያሰማራቸው ሰዎች በሰሜን ስኮትላንድ ደኖች ውስጥ ከ3,000 በላይ ቦታዎችን ጐበኙ። በየቦታው የወፏን ድምፅ በመሣሪያ ያሰሙ ነበር። ወፎቹ የዘመዳቸው መስሏቸው ሲመጡ የራሳቸውን ድምፅ ቀርጸው ወደ ጽሕፈት ቤት ይልካሉ፤ እዚያም እያንዳንዱ ድምፅ በሥዕል ወጥቶ ይመረመራል። ሜዳ ላይ ያለው ሰው «ይህች የስኮትላንዷ ናት» ቢልም ሥዕሉ ካልመሰከረ አይቈጠርም። ከናሙናው ወደ መላው ደን ሲሰላ 13,600 ያህል ወፎች፣ ማለትም 6,800 ጥንዶች ተገኙ። ከዚያ በፊት ይነገሩ የነበሩት ቍጥሮች ሁሉ ከግምት ያላለፉ ነበሩ። ይህም ቢሆን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ባለው ሰፊ ክልል መካከል የተቀመጠ እንጂ እንደ ሕዝብ ቈጠራ አንድ በአንድ የተለቀመ አይደለም። ተመራማሪዎቹም ሲያሳትሙት ክልሉን አብረው አሳትመዋል።

በአሜሪካ በአይዳሆ ክፍለ ሀገር የሆነው ደግሞ መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ የበለጠ ያሳያል። ካሲያ በሚባለው ወረዳ ሳውዝ ሂልስና አልቢዮን የሚባሉ ሁለት ተራሮች አሉ። በእነዚህ ተራሮች ላይ ስኩዊረል የምትባለው፣ ጭራዋ የጐፈረ፣ ዛፍ ለዛፍ የምትዘል እንስሳ አትኖርም። በሌላው ደን የጥዱን ፍሬ አስቀድማ የምትለቅመው እርስዋ ናት። እርስዋ በሌለችበት ግን ዛፉና ወፏ ብቻቸውን ቀሩ፤ ዛፉ ቅርፊቱን ያወፍራል፣ ወፏም ምንቃሯን። ቤንክማንና ባልደረቦቹ በ2009 ይህችን ወፍ ራሷን የቻለች ዝርያ ናት ብለው ገለጿት፤ በላቲንም ስሟን «ስኩዊረል የሌለባት» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡላት። ከሌሎቹ ወገኖች ጋር የሚጋቡት ከመቶ አንድ አይሞሉም። የአሜሪካ የአእዋፍ ሊቃውንት ማኅበር በ2017 ተቀበላት። በመልክ ብቻ ከመጡ እንግዶች ለመለየት እጅግ አስቸጋሪ ስለ ሆነች፣ ቈጣሪዎቹ በየቦታው ቆመው ጥሪዋን እያዳመጡ ርቀቷን ይመዘግባሉ። በዚህ ዘዴ የተገኘው ቍጥር 5,800 ገደማ ነው።

ይህች ወፍ እንደ ዘመዶቿ አትሰደድም። በእነዚያ ተራሮች ያለው ጥድ ፍሬውን ዘግቶ ዘሩን ለብዙ ዓመታት ይዞ ስለሚቆይ ጐተራዋ ባዶ አይሆንም። ነገር ግን ፍሬው የሚከፈተው በሙቀት ነው። የበጋው ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ የሚሆንባቸው ቀኖች ሲበዙ ዘሩ ያለ ጊዜው ይረግፋል፤ ወፏም ጐተራዋ ይፈስባታል። ከ2003 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ውስጥ ብዛቷ ከአምስት አራት እጅ ያህል ቀነሰ። ይህ መቀነስ የታወቀው አስቀድሞ በድምፅ የምትለይ ስለ ሆነ ነው። ከተለመዱት ጋር ተደባልቃ ብትቈጠር ኖሮ፣ ከሌላ ቦታ የመጡ መንጋዎች ቍጥሩን እየሞሉት መጥፋቷን ማንም ባላየ ነበር።

በሴፕቴምበር 2020 ደግሞ በሳውዝ ሂልስ የተነሣው ሰደድ እሳት ከመኖሪያዋ ሰፊውን ክፍል በላ። እሳቱ ያለፈበት ጥድ ፍሬው በሙቀቱ ተከፍቶ ዘሩን አመዱ ላይ ስለሚዘራ ደኑ ተመልሶ ይበቅላል። አዲሱ ዛፍ ግን ወፏ የምትኖርበትን ያህል የተዘጋ ፍሬ በቅርንጫፉ ለማከማቸት አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል።